ባዶው ረድፍ፦ የኢትዮጵያን የኦሊምፒክ ውጤት እንዴት እናንብብ?

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል)



የዛሬው ንግግሬ የኢትዮጵያ ቡድን በኦሊምፒክ ጨዋታዎች ያስመዘገበውን ውጤት ይመለከታል። ርእሱን ስትሰሙ የሜዳልያ ዝርዝር እንደማቀርብ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ዝርዝሩን አቀርባለሁ፤ ዋናው ጉዳዬ ግን ዝርዝሩ ዝም የሚልባቸው ቦታዎች ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በተለይ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ መድረክ ስለ ስፖርት ታሪክ ስናገር አንድ ሰንጠረዥ አሳይቼ ነበር። በግራ በኩል ዓመቱና ከተማው፣ በቀኝ በኩል ወርቁ፣ ብሩና ነሐሱ ሰፍረዋል። ለ1976፣ ለ1984 እና ለ1988 በየዓምዱ ዜሮ አስገብቼ ነበር። ጉባኤው ሲበተን አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ወደ እኔ ቀረቡ። በወጣትነታቸው ለብሔራዊ ቡድን ከታጩት ሯጮች አንዱ እንደነበሩ ነገሩኝ። ከዚያም በትሕትና፣ ዜሮ ሮጦ የተሸነፈ ሰው ውጤት እንደሆነ፣ እርሳቸው ግን ሳይሮጡ እንደቀሩ እንጂ እንዳልተሸነፉ አስረዱኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ዜሮዎቹን ሰረዝኋቸው፤ በምትካቸው ምን መጻፍ እንዳለብኝ ግን ለረጅም ጊዜ አላወቅሁም። የዛሬው ንግግሬ ለእኒያ ሰው የዘገየ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሰንጠረዡን በጥቅሉ እንመልከት። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየችበት ከ1956ቱ የሜልቦርን ጨዋታ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ጨዋታ ድረስ 18 የበጋ ኦሊምፒኮች ተካሂደዋል። ኢትዮጵያ በ15ቱ ተሳትፋለች፤ በሦስቱ አልተገኘችም። በእነዚህ ዓመታት 24 የወርቅ ሜዳልያዎች አግኝታለች፤ 14ቱን ወንዶች፣ 10ሩን ሴቶች አመጡ። ወርቁም፣ ብሩም፣ ነሐሱም ሁሉ የተገኘው ከአትሌቲክስ ነው። በዚህ ረገድ ሰንጠረዡ እውነት ይናገራል። ይሁን እንጂ ሰንጠረዥ እንደ ማናቸውም የታሪክ ሰነድ የራሱ ጠባይ አለው። የሚቆጥረው የተገኘውን ብቻ ነው፤ ያልተገኘው ለምን እንዳልተገኘ አይናገርም። እኔም ዛሬ አራት ረድፎችን መርጬ፣ ውጭው አንድ የሚመስለው ባዶነታቸው በውስጡ ምን ያህል እንደሚለያይ ላሳያችሁ እሻለሁ።

የመጀመሪያው የ1956 ረድፍ ነው። ይህ እውነተኛ ዜሮ ነው። ወደ ሜልቦርን የተጓዘው አነስተኛ ቡድን ሯጮችንና ብስክሌተኞችን የያዘ ሲሆን፣ ያለ አንዳች ሜዳልያ ተመልሷል። ከሯጮቹ መካከል ማሞ ወልዴ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ። የተሰለፈው በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነው፤ ከማጣሪያውም አላለፈም። ዛሬ ማሞን በማራቶን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም ያ ዜሮ መና የቀረ ዜሮ አልነበረም። ኢትዮጵያ በዓለም ሯጮች መካከል የት እንደቆመች የለካችው በዚያ ነው፤ ሯጩም የራሱን መንገድ ፍለጋ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1964 በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ብር ካገኘ በኋላ፣ በዚያው ጨዋታ በማራቶን ወርቅ አጠለቀ። በ1972 በሙኒክ ደግሞ በማራቶን ነሐስ ጨመረ። ስለዚህ የ1956ቱን ዜሮ የሚያነብ ሰው ከ12 ዓመት በኋላ ያለውን ወርቅ አብሮ ማንበብ ይገባዋል። ሮጦ መሸነፍ የራሱ ፍሬ አለው።

በዚህ መካከል የሮም ታሪክ አለ። ስለ እርሱ ብዙ ስለተባለ አላረዝመውም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበረ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። የሮጠበት ጎዳና ከአክሱም ተወስዶ በሮም የቆመውን ሐውልት አልፎ የሚሄድ ነበር። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው በዚያው ውድድር አበበ ዋቅጅራ የተባለ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሰባተኛ መውጣቱ ነው። ሰንጠረዡ ሰባተኛን አይመዘግብም። ባለ ወርቁ ብቻውን እንዳልነበረ፣ ከኋላው አንድ ቡድን፣ አንድ የሥልጠና ሥርዓትና ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እንደነበሩ የሚያሳየን ግን ያ ሰባተኛነት ነው። አበበ በ1964 በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድሉን ደገመ። ማሞ በሜክሲኮ ሲከተል፣ ኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስት ኦሊምፒኮች የማራቶን ባለቤት ሆነች።

ሁለተኛው የምመለከተው የ1976 ረድፍ ነው። የዚያ ዓመት ጨዋታ በሞንትሪያል ሲከፈት ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ራሳቸውን አገለሉ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ምክንያቱ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱ ነው። የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት የወደቁት በዚያው ሰሞን፣ በሰኔ ወር ነበር። የአፍሪካ አገሮች ኒው ዚላንድ ከጨዋታው እንድትወጣ ጠየቁ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም በማለት ጥያቄውን አልተቀበለም፤ እነርሱም ወጡ።

ይህ ውሳኔ ለኢትዮጵያ በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም። በ1957 በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ፣ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን ያቀላቀለ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ያልሆነችው ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጥታለች። ያን ጊዜ ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። ክቡር ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ፣ አፓርታይድን ከስፖርት መድረክ ለማራቅ በጽናት ታግለዋል። ስለዚህ የ1976 ረድፍ ባዶ ቢሆንም ድምፅ አለው፤ በአህጉር ደረጃ የተሰማ እምቢታ ነው።

ነገር ግን የእምቢታውን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው፣ በ5,000 ሜትር ግን ዘግይቶ በመድረሱ ሳይሮጥ የቀረው ምሩፅ ይፍጠር በ1976 በብቃቱ ላይ ነበር። በሞንትሪያል ሁለቱንም ርቀቶች ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ነው። ምሩፅ በቀጣዩ ዓመት በዱሰልዶርፍ፣ በ1979 ደግሞ በዚያችው በሞንትሪያል በተካሄደው የዓለም ዋንጫ አፍሪካን ወክሎ በሁለቱም ጊዜያት 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈ። ከሦስት ዓመት በፊት ሳይሮጥባት በቀረባት ከተማ በሁለቱ ርቀቶች ቀዳሚ ሆነ ማለት ነው። ያም ሆኖ በ1976 ሮጦ ቢሆን ያሸንፍ ነበር ብዬ አልፈርድም። የታሪክ ጸሐፊ ሜዳልያ የማደል ሥልጣን የለውም። ማለት የምችለው ዕድሉ እንዳልተሰጠው ብቻ ነው።

በ1980 በሞስኮ ምሩፅ ሁለቱንም ወርቆች አጠለቀ። መሐመድ ከድር በ10,000 ሜትር፣ እሸቱ ቱራ በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኙ። እዚህ ላይ ለራሳችን ያለን ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበት። በሞስኮ ደግሞ የቀሩት ሌሎች ነበሩ። አሜሪካ በአፍጋኒስታን ወረራ ምክንያት በጠራችው አድማ ኬንያም ተቀላቅላ ነበር። በ1978 በአንድ ዓመት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1976ም በ1980ም ሳይሮጥ ቀረ፤ ኦሊምፒክን ሳያይ የሩጫ ዘመኑ አለፈ። የምሩፅ ድል የራሱ ነው፤ ማንም አይቀንሰውም። ይሁንና የእኛ ሙሉ ረድፍ አጠገብ የጎረቤታችን ባዶ ረድፍ እንዳለ ማወቅ የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው።

ከሞስኮ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያውያን ሴቶች በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፉት በዚያ ጨዋታ ነው። ሜዳልያ አላገኙም፤ ያም እንደ ሜልቦርኑ እውነተኛ ዜሮ፣ የመነሻ ዜሮ ነበር። ከመነሻው በኋላ ግን በሩ ለ12 ዓመታት ተዘጋ።

ሦስተኛው ረድፍ የ1984 ነው። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የኢትዮጵያ ወንዶች ቡድን በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር በቡድን አንደኛ ወጣ። ከ1981 እስከ 1985 ባሉት አምስት ዓመታት ይህን ማዕረግ ማንም አልወሰደበትም። ከአንድ ዓመት በፊት ከበደ ባልቻ በሄልሲንኪ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳልያ አግኝቷል። ታዲያ በመጋቢት አሜሪካ ገብቶ ያሸነፈ ቡድን በዚያው ዓመት ክረምት ወደዚያችው አገር፣ ወደ ሎስ አንጀለስ አልሄደም። በመሃል የተለወጠው የሯጮቹ ብቃት አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት የሞስኮውን አድማ በአድማ ስትመልስ፣ የደርግ መንግሥት ከጎኗ ተሰለፈ። የ1976 ባዶነት የአፍሪካ አቋም ነበር፤ የ1984 ባዶነት ግን ከሌላ ዋና ከተማ የተነሣ ውሳኔ ማስተጋቢያ ነበር።

አራተኛው፣ የ1988 ረድፍ፣ ከሁሉ ይልቅ ለማስረዳት ይከብዳል። በዚያ ዓመት ሶቪየት ኅብረት ራሷ ወደ ሴኡል ሄዳለች። አብዛኞቹ የምሥራቁ ጎራ አገሮችም ሄደዋል። ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተባብረው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ኩባና ኒካራጓ ከእነርሱ ይቆጠራሉ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ቀረች። ይህን ምፀት ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ደቡብ ኮሪያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የወደቁባት ምድር ናት። ወታደሮቹ በአብዛኛው የተመለመሉት ከክብር ዘበኛ ነበር፤ አበበና ማሞ ከወጡበት ክፍል ማለት ነው፤ ማሞም ራሱ በኮሪያ አገልግሏል። አባቶች በጦር ሜዳ የቆሙላት ከተማ ልጆችን ለሩጫ ስትጠራ፣ ልጆቹ እንዳይሄዱ ተከለከሉ።

የዚህንም ዋጋ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በሚያዝያ 1988 በላይነህ ዴንሳሞ በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህ ክብረ ወሰን ለአሥር ዓመት ያህል ጸንቶ ቆይቷል። ከአምስት ወር በኋላ ሴኡል ላይ የማራቶን ወርቅ የተገኘው በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርድ መስጠት ስሕተት ነው፤ ሮተርዳም ለፈጣን ሩጫ የተመቸ ጎዳና ነው፤ የሴኡል ሙቀት ግን ሌላ ነበር፤ በኦሊምፒክም ሰዓት ሳይሆን ደረጃ ነው የሚፈለገው። ሆኖም አንድ ነገር ያለ ጥርጥር መናገር ይቻላል። በዚያን ቀን በዓለም ላይ ከነበሩት የማራቶን ሯጮች ሁሉ ፈጣኑ በመነሻው መስመር ላይ አልነበረም። በእኔ ሰንጠረዥ ደግሞ በስሙ ምትክ የቆመው ዜሮ ነበር።

ክቡራን አድማጮች፤ እስካሁን ያልሁትን ባጠቃልል፣ አራቱ ረድፎች በሜዳልያ ብዛት አንድ ናቸው፤ በታሪክ ግን አይገናኙም። የ1956ቱ መድረስ ነው፤ የ1976ቱ እምቢታ ነው፤ የ1984ቱ ተከታይነት ነው፤ የ1988ቱ ደግሞ አስከታዩ እንኳ ትቶት በሄደ መንገድ ላይ ብቻ መቅረት ነው። ይህን ልዩነት ማውጣት የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው። ይሁንና ያ ሽማግሌ ካስተማሩኝ በኋላ ሌላም ነገር አስተውያለሁ። ልዩነቱ ለእኛ ነው እንጂ ለሯጩ አይደለም። የውሳኔው ምክንያት ክቡር ቢሆንም ባይሆንም፣ አራት ዓመት ማለዳ ተነሥቶ የተዘጋጀው ሰው የሚያጣው ያው ነው። ከሦስቱ ውሳኔዎች የትኛውም የሯጮቹ የራሳቸው አልነበረም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ሁለት ተጨማሪ ዓምዶች ያስፈልጉታል፦ አንዱ ለምን እንደቀረን፣ ሌላው ማን እንደከፈለ። አንዱን ጽፈን ሌላውን ብንተው ወይ ፖለቲከኛውን ብቻ፣ ወይ ሯጩን ብቻ አየን ማለት ነው።

የ1976 ረድፍ መልሱን ያገኘው በ1992 በባርሴሎና ይመስለኛል። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በሴቶች 10,000 ሜትር ሁለት ሯጮች ከሌሎቹ ተነጥለው ሄዱ። አንደኛዋ ደራርቱ ቱሉ ነበረች፤ ሁለተኛዋ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ከ1960 ወዲህ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችው በዚያ ጨዋታ ነው። ደራርቱ አሸነፈች፤ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች። ከዚያም የተሸነፈችውን ጠብቃ ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ስፖርታዊ ማግለል ብቻውን አፓርታይድን ጣለ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን በ1976 ገና የአራት ዓመት ሕፃን የነበረችው ደራርቱ በዚያ ዙር ስትሮጥ፣ ታላላቆቿ የከፈሉት ዋጋ ወዴት እንዳመራ ለማየት ችለናል። ለ1984 እና ለ1988 ግን እንዲህ ያለ ቀን አልመጣላቸውም፤ የሚመጣም አይመስለኝም። ሴቶቻችን በሞስኮ የጀመሩት መንገድም የቀጠለው በዚሁ በባርሴሎና ነው። ከዚያ ወዲህ ከመጡት የኢትዮጵያ ወርቆች መካከል 10ሩ የሴቶች መሆናቸውን ስናስብ፣ የተዘጉት 12 ዓመታት ምን እንደከለከሉን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደ መዝጊያዬ ስቀርብ፣ ሰንጠረዥ የማይለወጥ ነገር እንዳልሆነ ላስታውሳችሁ። መሠረት ደፋር በ2008 በቤጂንግ በ5,000 ሜትር ያገኘችው ነሐስ፣ ሁለተኛ የወጣችው ሯጭ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ሲሰረዝ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ብር ተለውጧል። የተበላሸ ውጤት ዘግይቶም ቢሆን ይታረማል ማለት ነው። የ1976ን፣ የ1984ንና የ1988ን ረድፍ ግን የትኛውም ኮሚቴ ተሰብስቦ አያርመውም። ሊያርመው የሚችል ካለ እኛ ነን፤ ያውም ሜዳልያ በመስጠት ሳይሆን በመመዝገብ።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በቶኪዮም በፓሪስም ኢትዮጵያ አንድ አንድ ወርቅና በጠቅላላው አራት አራት ሜዳልያ አገኘች፤ በሲድኒ ስምንት አግኝታ ነበር። ሕዝቡ ይህን አነጻጽሮ ቢቆጭ አይፈረድበትም። እናንተ ግን ቁጥሩን ይዛችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ጠይቁ፤ ማን ተመረጠ፣ ማን ቀረ፣ ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለዛሬው ቡድን ማቅረብ የምትችሉት ለትናንቱ ማቅረብ ስትለምዱ ነው። በ1976 የ22 ዓመት ወጣት የነበረ ሯጭ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በ1984 በዚያ ዕድሜ የነበረውም ስድሳን ተሻግሯል። ምሩፅ ይፍጠር በ2016 አርፏል። የቀሩት በየከተማው፣ በየገጠሩ፣ በየስደት አገሩ ይኖራሉ። ለማን ታጭተው እንደነበር፣ የት እንደተለማመዱ፣ እንደማይሄዱ የሰሙት መቼና ከማን እንደሆነ በድምፅ ቀድታችሁ፣ በጽሑፍ አስፍራችሁ አስቀምጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ከዚህ የሚበልጥ ርእስ በእጄ የለም፤ ጊዜውም አይጠብቃችሁም።

እኔ በአዲሱ ሰንጠረዤ በሦስቱ ረድፎች ዜሮ አልጻፍሁም። «አልሮጡም» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ከጎኑም ምክንያቱን አስፍሬአለሁ። የሯጮቹ ስም የሚሰፍርበት ዓምድ ግን ገና ክፍት ነው። ያ ሽማግሌ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉ፣ ስማቸውን እንዲነግሩኝ በአክብሮት እለምናለሁ፤ ያን ቀን ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ።